ውል ሲደርስ የሚመንነው ኮንትራክተር

«እኔ በሚካኤል ቀን ሲሚንቶ አላስቦካም!» አለ ኮንትራክተራችን ዛሬ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

እዚህ ደብረ ታቦር ደብራችን ለሚያሠራው ፎቅ ውል እየተደራደርን ነው። እኔ የኮሚቴው መሐንዲስ ነኝ። ሚካኤል ስለሆነ ሥራ የሄደ የለም፣ ኮሚቴው ሙሉ ነው።

ሰውየው ይግባልኝ ያለው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ በወር በዓላት ሥራ አይሠራም፤ የቆመው ቀን ሁሉ በማስረከቢያው ጊዜ ላይ ይጨመራል፤ የመዘግየት ቅጣትም የለም።

ሚካኤልን፣ ኪዳነ ምሕረትን፣ ማርያምን፣ ባለወልድን ጠርቶ ሲጨርስ እኔ ሰምቻቸው የማላውቅ ጻድቃን ጨመረበት። (ኃጢአቱንም እንዲህ ቢዘረዝር ንስሐ አባቱ ምንኛ ባረፉ!)

ሰብሳቢያችን አለቃ ደስ አላቸው። «ተባረክ ልጄ» አሉት።

«አባታችን፣ በዚህ አያያዝ ጣሪያ ሳናለብስ ክረምት ይገባብናል» ብል ኮሚቴው እንደ መናፍቅ አየኝ።

ይኼኔ ከመንገዱ ማዶ የኮንክሪት ሚክሰር መጮህ ጀመረ። የራሱ የኮንትራክተሩ ሌላ ሳይት ነው! ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ ከተቀመጥንበት ይነበባል።

አለቃ በመስኮቱ አይተው ዞሩ። «ልጄ፣ ሚካኤል እዚያ ማዶ አይከበርም?»

«አይ አባታችን… እዚያማ ውሉ ቅጣት አለበት።»

አለቃ ወደ እኔ ዞሩ።

«በል ጻፍ። በዓሉ ይከበራል፤ ቀኑ አይጨመርም፤ ቅጣቱም ይግባ። ጽድቅ በነፃ የለም።»

እናንተ ጋ ውል ሲደርስ ብቻ የሚመንን ኮንትራክተር ካለ ጻፉልኝ። በዓል ነው፣ ቁጭ ብዬ አነባለሁ።