ኩርባው ላይ የሚቆም መኪና

ደብረ ማርቆስ ማዘጋጃ ቤት በታይፒስትነት በተቀጠርሁ በሁለተኛው ዓመት አዲስ ከንቲባ መጡልን። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲያነጋግሩ ዓይን ዓይንን የሚያዩ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ጠዋት ወደ እኔ ክፍል ገብተው ጭቃ የነካውን ጫማዬን አዩና፣

«በእግርሽ ነው የምትመጪው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«አውቶቡሱን ለምን አትሳፈሪም?»

ያን ጊዜ በከተማው አንድ አሮጌ አውቶቡስ ነበር። ጠዋት ከገበያው ተነሥቶ ከተማውን አቋርጦ ወደ ሉማሜ ይሄዳል፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። የታወቀ መቆሚያ አልነበረውም። ሹፌሩ ደስ ካለው እጁን ላወጣ ሁሉ ይቆማል፤ ካላለው ደግሞ ሰውን ሁሉ ጭቃ ረጭቶ ያልፋል። ይህንኑ ነገርኋቸው። ከንቲባው ጥቂት አሰቡና ከዚያ በፊት ማንም ሹም ያላዘዘውን ሥራ አዘዙኝ። ቤት ለቤት ዞሬ፣ አውቶቡሱ የት ቢቆምላችሁ ትወዳላችሁ ብዬ ሰዉን እንድጠይቅ።

«ወንዶቹን ብንጠይቃቸው መሥሪያ ቤቱ መስማት የሚፈልገውን ነው የሚነግሩን» አሉ። «በዚያ መንገድ ተሸክመው የሚመላለሱት ሴቶቹ ናቸው። ላንቺ ይነግሩሻል።»

ከእኔ ጋር አንድ ቀያሽ ተመደቡ። ከአዲስ አበባ ተዛውረው የመጡ፣ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ዝናብም ፀሐይም ቢሆን ባርኔጣቸውን የማያወልቁ ሰው ናቸው። ጋሼ እላቸው ነበር። ሥራው ከመጀመሪያው አልጣማቸውም።

«መንገድ የሚለካው በሜትር ነው» አሉኝ ስንወጣ። «በወሬ የተለካ መንገድ አይቼ አላውቅም።»

ሰዉ በመጀመሪያ ፈራን። ከማዘጋጃ ቤት መጣን ስንል መሬት ልንነጥቅ የመጣን እየመሰለው በሩን ይዘጋል። አንዲት ሴት የምንጠይቃትን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ፣ «እሺ፣ ጥፋታችን ምንድን ነው?» አለችኝ። ቀስ በቀስ ግን ወሬው ደረሰ። ለአምስቱም ሰፈር ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ አንድ አንድ ችካል ሰጠን። ተመካክራችሁ መቆሚያ እንዲሆን በምትፈልጉት ቦታ ትከሉት አልናቸው። አንዱ ሰፈር ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ተከለ፤ እህል የሚሸከሙት ሴቶች ፈረዱ። አንዱ ሰፈር ሽማግሌዎቹ ዳገቱን እንዳይወጡ ብሎ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት ተከለ። ጋሼ እንኳ ሜትራቸውን ዘርግተው ለክተው፣ «ይህስ ክፉ አይደለም» ማለት ጀመሩ።

ችግሩ የመጣው ከአምስተኛው ሰፈር ነው።

ይህ ሰፈር በከተማው ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በሉማሜ መንገድ ላይ ነው። እኩሌታው እስላም ነጋዴ፣ እኩሌታው ክርስቲያን ገበሬ ነበር። ሰዎቹ ጸጥ ያሉ ናቸው። ችካሉን ስንሰጣቸው አልተከራከሩም፣ እርስ በርስም አልተያዩም። በማግሥቱ ብንሄድ ከሰፈሩ ውስጥ አጣነው። ከመጨረሻው ቤት አልፈን ብዙ ከሄድን በኋላ፣ መንገዱ ኮረብታውን ታክኮ ገደሉ አፋፍ ላይ ከሚታጠፍበት ኩርባ ላይ ተተክሎ አገኘነው። ቤት የለም፣ ጥላ የለም፣ ውኃ የለም። ከታች የገደሉ ወንዝ ብቻ ይሰማል።

«እዚህ ማን ሊሳፈር ነው? ጅብ?» አሉ ጋሼ። ነቀሉትና መልሰው ሰፈሩ መካከል፣ ቦኖው አጠገብ ተከሉት።

በማግሥቱ ኩርባው ላይ ነበር።

ጋሼ ተናደው የሰፈሩን ሽማግሌ አስጠሩ። ጋቢያቸውን ተከናንበው የመጡ ገበሬ ነበሩ። ገና ሳይጠየቁ፣ «እኔ ነኝ የነቀልሁት» አሉ።

«ለምን ነቀሉት፣ አባቴ?»

«ጠይቃችሁን መለስን። መኪናው የሚቆመው እዚያ ነው።»

«የትኛው መኪና?»

ሽማግሌው ወደ ኩርባው አንድ ጊዜ አይተው፣ እጅ ነሥተውን ሄዱ።

ያን ዕለት ማታ ጋሼ ራሳቸው ችካሉን ቦኖው አጠገብ በትልቅ መዶሻ እየመቱ እስከ አንገቱ ቀበሩት። ዙሪያውን በድንጋይ ጠቀጠቁት። ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አደረ። ጠዋት ስንመጣ ቦኖው አጠገብ ውኃ የሞላበት ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል። ድንጋዮቹ ከጉድጓዱ ዳር በሥርዓት ተደርድረዋል። ወደ ኩርባው ሄድን። ችካሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዙሪያው ለስላሳ ጭቃ ነው፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ የወፍ እግር እንኳ አልረገጠውም። ከኋላችን ዞር ብዬ ሳይ ጭቃው ላይ ያለው ዱካ የእኔና የጋሼ ብቻ ነበር።

ሽማግሌው በዚያው ጠዋት መጥተው አዩት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«የመጀመሪያውን እኔ ነኝ ብያለሁ» አሉ። «ይህንን ግን እኔ አይደለሁም። ከእኛ ማንም አይደለም። በሌሊት እዚህ የሚመጣ የለም።»

ጋሼ እዚያው ችካሉ አጠገብ ቀሩ። እኔን ግን አንድ ነገር ከኋላዬ የሚያየኝ መሰለኝና ወደ ሰፈሩ ተመለስሁ። ከመጨረሻው ቤት በር ላይ ጨው፣ ላምባና ክር የሚሸጡ የአንዲት እስላም ሴትዮ ሱቅ አለ። ቀደም ሲል ስጠይቃቸው አንዲት ቃል ያልተናገሩኝ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የተጠጋ ሴት ናቸው። ደጃፉ ላይ ሲያዩኝ በርጩማ ሰጡኝ።

«አየሽው?» አሉኝ።

«ችካሉን ነው፣ እማማ?»

«ችካሉን ማን ጠየቀሽ። ጉሙ ሲመጣ ተቀምጠሽ ስሚ።»

ከዚያ ነገሩኝ። በጣሊያን ጊዜ ነው። አንድ ጠዋት ካሚዮን መጥቶ ኩርባው ላይ ቆመ። ወደ ሰፈሩ አልገባም፤ ሞተሩንም አላጠፋም። መንገድ ጠጠር ልታለብሱ ነው፣ ማታ ትመለሳላችሁ ተብሎ የሰፈሩ ጎልማሳ ሁሉ እስላም ክርስቲያን ሳይባል ወደ ኩርባው ተነዳ። እርሳቸው ያን ጊዜ ካገቡ አራት ወራቸው ነበር።

«ባሌ ሳይደነግጥ ነው የሄደ» አሉ። «እንጨት አይጠፋም እዚያ፣ ሲመሽ ኩርባው ላይ ጠብቂኝ፣ ተሸክመን እንገባለን አለኝ። የኋላ መዝጊያው ሰንሰለት ሲመታ ሰማሁ። ከዚያ ሄደ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጠበቅሁ።»

አንድም ሰው አልተመለሰም። የት እንደ ገቡ የሚያውቅ የለም። ጣሊያንም ወጣ፣ ዓመታትም ሄዱ፤ ክረምት ክረምት ግን ጉሙ ኩርባውን ሲሸፍነው የዚያ ካሚዮን ሞተር ይሰማል። ቆሞ ያጓራል። አይመጣም፣ አይሄድም።

«እና አውቶቡሱ እዚያ እንዲቆም የፈለጋችሁት…»

«ያ መኪና ሰው ጫነ እንጂ አላወረደም» አሉኝ። «ሌላ መኪና እዚያው ቆሞ ሰው ቢያወርድ፣ ሰው ከመኪና ወርዶ ወደ ቤቱ ሲገባ ቢያይ፣ ምናልባት ይተወናል ብለን ነው። አላህ ያውቃል። ይህን ለማዘጋጃ ቤት እንዴት ብለን እንንገር?»

ጋሼ ኩርባው ላይ ብቻቸውን ቀርተው ነበርና ሮጬ ሄድሁ። እንደ ደረስሁ ጉሙ ከገደሉ ወጣ። በክረምት ብዙ ጉም አይቻለሁ፤ ይህ ግን ሰው ዳገት እንደሚወጣ ቀስ እያለ፣ እያረፈ ነበር የመጣው። ጋሼ ሜትራቸውን እንደ ያዙ ጠፉብኝ። ወንዙ መሰማቱን አቆመ። ከዚያ ሰማሁት። ወፍራም፣ የሚያስል ዓይነት የሞተር ድምፅ ነው፤ ከመንገዱ ላይ፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው ያህል ቅርብ። መሬቱ ከጫማዬ ሥር ይርገበገባል። የተቃጠለ ናፍታ ሸተተኝ። ድምፁ እንዲሁ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ሰንሰለት ብረት መታ፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

ጉሙ ሲገለጥ መንገዱ ባዶ ነበር። ጋሼ ችካሉን በአንድ እጃቸው ይዘው ተንበርክከዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ አድርገዋል።

«ሰማሽ?» አሉኝ።

«ሰማሁ።»

ተነሥተው ጉልበታቸውን አራገፉ። ከዚያ ኩርባውን መለካት ጀመሩ።

ከንቲባው ፕላኑን ሲያዩ ይጠይቃሉ ብዬ ያሰብሁትን ጠየቁ። «ኩርባ ላይ አውቶቡስ ማቆም አደጋ አይደለም ወይ? ደግሞም ቤት የለበትም።»

«አደጋ ነው» አሉ ጋሼ። «ስለዚህ ኮረብታውን ቆርሰን መንገዱን እናሰፋዋለን። ሰፈሩ ራሱ ይቆፍራል።»

«ቦኖው አጠገብ ማቆም ይቀል የለም?»

«ሰዉን ጠይቁ ብለውን ነበር» አሉ ጋሼ። «ጠየቅን።»

ከንቲባው ሁለታችንንም በየተራ አዩን። የቀረውን ነገር አልጠየቁም፤ እኛም አልነገርናቸውም። ፈረሙ።

ሰፈሩ በሙሉ ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ። ያን ያህል ሰው አንዲት ዘፈን እንኳ ሳያሰማ ሲቆፍር ከዚያ ወዲያ አላየሁም። ሴቶቹ አፈሩን በቅርጫት ያግዙ ነበር። ጉም መምጣት ሲጀምር ሁሉም በአንድ ጊዜ መሣሪያውን ያስቀምጥና ወደ ሰፈሩ ይመለሳል፤ ሲገለጥ ደግሞ መጥቶ ካቆመበት ይቀጥላል። መስከረም ላይ አለቀ።

አውቶቡሱ መጀመሪያ የቆመ ዕለት ከሰዓት በኋላ እዚያ ነበርሁ። ሰፈሩ ከኮረብታው ሥር ተደርድሯል። ረዳቱ በሩን ከፈተ። መጀመሪያ የወረደው በሉማሜ ገበያ ውሎ የተመለሰ አንድ ተራ ሰው ነው፤ ብብቱ ሥር ዶሮ ይዟል። ሰዉ ሁሉ በዝምታ ሲያየው ደንግጦ፣ «ምን ሆናችሁ?» አለ። ሽማግሌው ወደ እርሱ ሄደው ትከሻውን ሳሙት። «እንኳን ገባህ» አሉት። ከዚያ ሁሉም በየተራ ከአውቶቡሱ የሚወርደውን ሰው ሁሉ፣ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም፣ እንኳን ገባህ፣ እንኳን ገባሽ ይል ጀመር። ባለሱቋ ሴትዮ ግን ራቅ ብለው፣ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ቆመው ነበር።

በዓመቱ ከንቲባው ተዛወሩ፣ ጋሼም ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው ገቡ። እኔ በታይፕ መኪናዬ ላይ ቀረሁ። ክረምቱ ገብቶ ሐምሌ አልቆ ነሐሴ እንደ ተጋመሰ፣ ባለሱቋ ሴትዮ ከዝናቡ የተነሣ ረጥበው መሥሪያ ቤቴ መጡ። ከዚያ በፊት ማዘጋጃ ቤት ገብተው አያውቁም።

«ልጄ» አሉኝ፣ «አልመጣም።»

ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«ዘንድሮ አንድም ቀን? ጉሙ ሲመጣም?»

«ጉሙ ይመጣል። ውስጡ ባዶ ነው።»

«ይህን አልነበር የፈለግነው፣ እማማ?»

«ሰፈሩ ፈልጎ ነበር። እኔም አብሬ ፈልጌ ነበር።» የነጠላቸውን ጫፍ ጨመቁ። «ግን ስሚ። ሲሰማ እኮ ገና አልሄዱም ማለት ነበር። ሞተሩ እየሠራ፣ እርሱ ላዩ ላይ ተቀምጦ፣ እዚያው ከቤቴ አጠገብ። ይህን ያወቅሁት አሁን ነው። ለአንድ ክረምት ብቻ መቆሚያውን ቦኖው ጋ ብታደርጉት ምን አለ? አንድ ክረምት ብቻ።»

ያንን ሥልጣን የያዘው አዲሱ ሹም ሰው መጠየቅ የሚባለውን ነገር የማይወድ ነበር። ባለሱቋ ግን ሰው ጥያቄ ይዞ ሲመጣ መጻፍ ያለብኝ ይመስል ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን መዝገብ እያዩ ጠበቁኝ። ያሉትን ቃል በቃል ጻፍሁት። አንብቤ አሰማኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

በዚያ ዝናብ በእግር እንዲመለሱ አልፈለግሁም። አውቶቡሱ ገና አልተነሣም ነበርና እጃቸውን ይዤ አሳፈርኋቸው። በሕይወታቸው መኪና ላይ ሲወጡ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። መንገዱን ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የፊተኛውን ወንበር ብረት ጨብጠው ሄዱ። ኩርባው ጋ ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ደግፌ አወረድኋቸው። ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ። እርሳቸው ወደ ቤታቸው በመሄድ ፈንታ ፊታቸውን ወደ ድምፁ መልሰው፣ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው አደመጡ።

ረዳቱ በበሩ ብቅ ብሎ፣ «እህቴ፣ እንሂድ?» አለኝ።

«ትንሽ ቆዩ» አልሁት።

ከውስጥ አንድ ሰው አጉረመረመ። ሹፌሩ ግን የዚያ ሰፈር ልጅ ነበርና ምንም ሳይል እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ ጠበቀ።