የሌለኝ ጀልባ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሶዶ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከትምህርት ቤታችን ማዶ ጋራዥ የነበረውን ዳዊትን ለማየት ብዬ፣ አባያ ሐይቅ ላይ ፈጣን ጀልባ እንዳለኝ ዋሸሁት። «ለሞተሩ ጉልበት መጨመሪያ ተርቦ ይሻላል ወይስ ሱፐርቻርጀር?» አልኩት።

«ቲቸር፣ ሱፐርቻርጀር በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ስለሚዞር ወዲያው ጉልበት ይሰጣል፤ ነዳጅ ግን ይበላል። ተርቦን የሚያዞረው ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ነው። ይዘገያል እንጂ ሲነሳ አይቻልም።»

ሦስት ዓመት ያንኑ ጥያቄ እየለዋወጥኩ ተመላለስኩ። የልቤን ሳልነግረው ባለፈው ክረምት ታሞ ሞተ።

ቦዲቲ ቤተሰቦቹ ቤት ለቅሶ ስደርስ እናቱ እጄን ያዙኝ። «ባለጀልባዋ አንቺ ነሽ?»

አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። «ጀልባ የለኝም፣ እማማ።»

«እሱም ያውቅ ነበር፣ ልጄ። ‹አግባ› ስለው፣ ‹እሷ እንደ ተርቦ ናት፤ ትዘገያለች እንጂ ትናገራለች፤ እጠብቃታለሁ› ይለኝ ነበር።»