ሰደቃ ያወጣንለት ዕጢ

«አባትሽን ያሳወርሻቸው አንቺ ነሽ» አለኝ አጎቴ፣ ጎረቤት ሁሉ በተቀመጠበት። «ቢላ ባይነካቸው ዛሬም ያዩ ነበር።»

«ያሳወራቸው የእናንተ ሰደቃ ነው» አልኩት።

አባቴ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ቁርአን ያስቀራሉ። መጀመሪያ የግራ ዓይናቸው ወደ ውጭ ገፋ አለ። ቀጥሎ ደረሶቹ፣ ተማሪዎቻቸው፣ ቁርአን የሚጽፉበትን የእንጨት ሉህ ወደ ቀኝ ዓይናቸው እያዞሩ ያርሙ ጀመር። ደሴ ወሰድናቸው። ሐኪሙ «ካንሰር አይደለም» ሲል አጎቴ ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማም። እኔ ሰምቻለሁ፤ ዕጢው ከአንጎል ሽፋን ተነስቶ ከዓይናቸው ጀርባ ያለውን አጥንት ሰርስሮ ገብቷል፣ አዲስ አበባ ሄደው ቶሎ ካልወጣላቸው ዓይናቸው ይጠፋል።

ቤት እንደገባን ለሰደቃ በግ ታረደ፣ ዱዓ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ቀዶ ጥገና ባልኩ ቁጥር የአጎቴ መልስ አንድ ነው፦ «አልሃምዱሊላህ ብለን አብልተን፣ አሁን ምስጋናችንን ከአላህ ልንነጥቀው ነው?» አባቴም ወደ ደረሶቻቸው ተመለሱ። በጉ ተበልቶ አለቀ፤ ዕጢው ማደጉን አልተወም።

በስንት ልመናዬ አዲስ አበባ ስናደርሳቸው የግራው ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። የዚያው ሐኪም የራስ ቅላቸውን ከፍቶ፣ የተበላውን አጥንት ቆርጦ ዕጢውን አወጣ። ደም ሥር ላይ የተጣበቀችውን ቁራጭ ግን ተዋት። «እሷን ብነካት እጄ ላይ ይሞቱ ነበር» አለኝ። «ካደገች በጨረር እናቆማታለን፤ ብቻ እንዳይዘገዩ።»

አድጋለች። አሁን የቀኝ ዓይናቸውም እየጨለመ ነው። እኔ አዲስ አበባ ነው የምሠራው፤ ፈቃድ ጠይቄ ለጨረሩ ልወስዳቸው መጣሁ፣ ሚኒባስ ላይ ሁለት ወንበር ያዝኩ። አጎቴ ጎረቤት ፊት የወቀሰኝ የዚያን ዕለት ማታ ነው።

ጠዋት ደረሶቻቸው መሀል ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባ፣ መኪናው ሊሞላ ነው። ይነሱ።»

«ያለችኝ ብርሃን ለነዚህ ልጆች ትበቃኛለች።»

«አትበቃም።»

«እንግዲያው በቃሌ አስቀራለሁ።»

«ሉሁንስ ማን ያርመዋል?»

«አንቺ አለሽ አይደል፤ ከድሮም የሰው ስህተት መልቀም ትወጃለሽ።»

ደረሶቹ ሳቁ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን ፈለጉ፣ ትከሻዬን አገኙ።

«ልጄ፣ ሁለተኛ ራሴን አላስነካም። ሂጂ፣ አላህ ያድርስሽ።»

ለጉዞ ያዘጋጀሁትን ጋቢ ከሻንጣው አውጥቼ ጉልበታቸው ላይ አደረግሁላቸው። መኪናው ጥሩምባ ነፋ። ሻንጣውን ዘግቼ ወጣሁ።