ውሃችን የሚፈላበት ልክ

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከምጽዋ ሲመለስ ይዞት የመጣው ንብረት ሁሉ በአንዲት ትንሽ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ያልቅ ነበር። ጎረቤቶቻችን ከባሕር የመጣ ሰው ሽቶ ወይም የእጅ ሰዓት ሳይዝ አይቀርም ብለው ስለነበር ሣጥኑ ሲከፈት ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ከውስጥ በጥጥ የተጠቀለለ አንድ ቴርሞሜትር ወጣ። ሌላ ምንም አልነበረም።

«በቃ? ይኸው ነው?» አለችው ባለቤቴ።

«ይኸው ነው እቱ።»

«እኔ እኮ ቢያንስ ሻሽ ብዬ ነበር።»

እኔ ግን ጥያቄዬ ሌላ ነበር። የመንግሥት ዕቃ ቤቴ እንዲገባ አልፈልግም፤ ስለዚህ በሰው ፊት ከየት እንዳመጣው ጠየቅሁት። አልተቀየመም። የውጭ ብረቱ ስለተሰበረ ከአገልግሎት መውጣቱን፣ ለእርሱም መሰጠቱን የሚናገር ማኅተም ያለበት ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። አንብቤ መለስኩለት። ልጆቼ፣ ዘመድን መጠየቅ ዘመድን መናቅ አይደለም። ንጹሕ ሰው ሲጠየቅ ፊቱ አይጠቁርም፤ የእርሱም አልጠቆረም።

ሥራውን ለመካነ ሰላም ሰው ማስረዳት ከባድ ነበር። ከጀልባ ላይ ጠርሙስ በገመድ እያወረደ ከላይም ከታችም የባሕር ውሃ ይቀዳል፤ ሙቀቱንና ጨዉን ይለካል። አንድ ጎረቤታችን «ባሕሩ ታሞ ነው ትኩሳቱን የምትለኩት?» ብሎት ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እርሱም አብሮ ሳቀ፤ ከዚያ ግን ሙቀቱ ሲለወጥ ዓሣው ቦታ እንደሚለቅ፣ አጥማጁም በዚያ ጠግቦ እንደሚያድር ወይም እንደሚራብ በቁም ነገር አስረዳ። በኤርትራ በኩል ተኩሱ ሲበረታ ጀልባዋ ቆመች፤ እርሱም ወደ አገሩ ገባ።

እኔን የማረከኝ ግን ባሕሩ አይደለም። ጉዞ ከመጀመሩ በፊት የሚያደርጉት ነገር ነው። መለኪያው ሁሉ መጀመሪያ በተፈጨ በረዶ ውስጥ፣ ቀጥሎ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ይገባል። በበረዶው ዜሮ፣ በፈላው መቶ ካላለ ጀልባዋ ላይ አይወጣም። «ሳንፈትሽ ከጫንን አለቃችን መለኪያውን ትቶ እኛን ያወርደን ነበር» አለኝ።

እኔ አናጢ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከቄስ እግር ሥር ነው፤ ሒሳብ ደግሞ ሽፋኑ ከተገነጠለ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ብቻዬን የተማርኩት ነው። በዚያ ሰሞን ውሃ ልክ የሚባለው የአናጢ መሣሪያዬ ያሳየኝን ሁሉ እያመንኩ በር እተክል ነበር። እርሱ ደፉ ላይ ዕቃውን አይቶ «አዙረህ ደግመህ እየው» አለኝ። ጫፉን ወደ ሌላው ጎን አዙሬ በዚያው ቦታ ሳስቀምጠው በመስታወቱ ውስጥ ያለችው አረፋ መሐል አልቆመችም። የጠመመው ደፉ ሳይሆን ዕቃው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳላዞር የተከልኩት በር የለም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ጊዜው ወሎን ረኀብ የመታበት፣ አብዮቱም የፈነዳበት ጊዜ ነበር። ከከተማው ዳር የተራቡ ሰዎች መጠለያ ተሠርቶ ነበር፤ ጣሪያውንና በሮቹን የሠራሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ በዚያ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ሆና የማገዶው ክፍል ቁልፍ በእጇ ነበር። የሚበላው ከውጭ አገር የመጣ ቦሎቄ ነው። ያንን እህል በእኛ ደጋ የሚያውቀው አልነበረም። ከጆንያው ጋር የመጣ መመሪያ ነበረ፤ ውሃው ከፈላ በኋላ አንድ ሰዓት ቀቅሉት ይላል። ማገዶም የሚመደበው በዚያው አንድ ሰዓት ልክ ነው።

ባለቤቴ ግን በአንድ ሰዓት አታወጣም ነበር። ፍሬውን በሁለት ጣቷ ጨምቃ ካልፈረጠ በርሜሉን አታስነሳም። «ጥሬ ነው፤ አንጀታቸው ያለቀ ልጆች ናቸው፤ ይገድላቸዋል» ትላለች። ስለዚህ የሳምንቱ ማገዶ ሳምንቱ ሳይጋመስ ያልቃል።

የመጠለያው ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ነገር ግን ማገዶ የጠፋበት ኃላፊ ነው፤ ባሕር ዛፉም ተመንጥሮ ለሬሳ ሣጥን እንኳ እንጨት የታጣበት ጊዜ ነው። ወጥ ቤት ሠራተኞቹን፣ እዚያው በር ስጠግን የነበርኩትን እኔንም ጨምሮ፣ ሰብስቦ ማገዶው ወደ ሰው ቤት እየሄደ ነው አለ። ቀጥሎ ቁልፉን ከባለቤቴ ተቀበለ። ጉዳይዋ ለኮሚቴ እንደሚቀርብም ነገራት። በዚያን ጊዜ የተራበ ሕዝብ ንብረት ሰርቃለች የተባለች ሴት የሚጠብቃት ከሥራ መባረር ብቻ አልነበረም። እስር ቤቱ ቅርብ ነው፤ ስሟም አይመለስም።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞሮ «አንተስ ምን ትላለህ?» አለኝ።

«ይለካ» አልኩ።

ሚስቴ አትሰርቅም አላልኩም። እንደማትሰርቅ አውቃለሁ፤ ግን የባል ምስክርነት ምን ይመዝናል? ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ እንዲህ አለችኝ፦

«ለበር ውሃ ልክ ታወጣለህ። ለሚስትህም ውሃ ልክ ልታወጣ ነው?»

«አዎ።»

«አብሽር፤ ጥሩ ባል ነው ያገኘሁት!» አለችና ቀድማኝ ሄደች።

በማግስቱ ወንድሟ ቴርሞሜትሩን ይዞ ወጥ ቤት ገባ። አሳቡ ቀላል ነበር፤ ውሃው ውስጥ ያለውን ሙቀት አይተን ቦሎቄው ለምን እንደማይበስል እንመርምር ነው። ግማሽ በርሜሉ ተጥዶ ይንተከተካል። ቴርሞሜትሩን በገመድ አንጠልጥሎ ወደ ውሃው አወረደው፤ ባሕር ላይም እንዲህ ያደርግ እንደነበር ከእጁ ርጋታ ያስታውቃል። ጠበቀ። ከዚያ አየ፤ ደግሞ አየ።

«ዘጠና አንድ» አለ።

ኃላፊው ትንሽ ፊዚክስ ያውቃል። «ውሃ የሚፈላው በመቶ ነው። ስለዚህ ገና አልፈላም» አለ።

«ታዲያ ይኼ የሚንተከተከው ምንድን ነው? እያዜመ ነው?» አለች ባለቤቴ።

ሴቶቹ ሳቁ። ኃላፊው በርሜሉን ተጠግቶ አየና አመነ፤ መፍላትስ ፈልቷል። ጥቂት አሰበና «እንግዲህ ሙቀቱ ከመቶ ካነሰ ቦሎቄው ቢዘገይ አይፈረድበትም። ምናልባት እውነትሽን ይሆናል» አላት። ቁልፉን ከኪሱ ሲያወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

በዚህ ጊዜ ነው የባለቤቴ ወንድም «አይሆንም፤ ይህን አትቀበሉ» ያለው።

ሁላችንም ወደ እርሱ ዞርን።

«ይህ ቴርሞሜትር በፈላ ውሃ ውስጥ መቶ ነበር የሚለው። ስንት ጊዜ በእጄ ፈትሼዋለሁ። አሁን ዘጠና አንድ ካለ በመኪና ስመጣ ተበላሽቷል ማለት ነው። በተበላሸ መለኪያ እኅቴ ነፃ አትወጣም።»

ኃላፊው ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰው።

በሕይወቴ ብዙ ሰው ሲምል ሰምቻለሁ። ለገዛ እኅቱ የሚጠቅመውን ቁጥር፣ ሌላው ሁሉ ሊቀበለው ተዘጋጅቶ ሳለ፣ በገዛ አፉ የጣለ ሰው ግን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር።

ባለቤቴ ግን ይህን እንደኔ አላየችውም። ወንድሟን ማናገር አቆመች። መልእክቷ ሁሉ በእኔ በኩል ሆነ፤ እርሱ ከፊቷ ተቀምጦ ሳለ «ለዚያ ሰውዬ ምሳው መሶብ ውስጥ ነው በለው» ትለኛለች። እርሱም «እግዜር ይስጥልኝ በላት» ይላል። በወጥ ቤቱ ደግሞ አዲስ የተሾመችው ሴት እንደ መመሪያው በአንድ ሰዓት ታወጣ ጀመር፤ ማገዶው በቃ፣ የሕፃናቱ ተቅማጥ ግን ባሰ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ስለ ራሷ ስም ማውራት ተወች፤ የምታወራው ስለ ልጆቹ ሆነ።

የኮሚቴው ቀን ሲቃረብ አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። ስንት ጊዜ ተጠብቆ በመጣ ዝናብ የበቀለች ጥቂት ገብስ ነበረች፤ ያቺኑ ይመታት ጀመር። ሰው ሁሉ በየደጃፉ ቆሞ ሰማይ ሰማይ ያያል። የባለቤቴ ወንድም ግን ሳህን ይዞ ወጣ፤ ራሱን ሳይሸፍን ከመሬት በረዶ ያፍስ ጀመር።

«ያ ረቢ!» አሉ ጎረቤታችን አሮጊት። «ሰው እህሉ ሲረግፍ ይኼ በረዶ ይለቅማል! ባሕሩ ነው ያሳበደው፣ ወላሂ!»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ፤ እኔ አልጠራሁትም» አላቸውና ለቀማውን ቀጠለ።

በረዶውን በጨርቅ ጠቅልሎ በመዶሻዬ ፈጨው፤ ትንሽ ውሃ ጨመረበትና ቴርሞሜትሩን አቆመበት። ያን ጊዜ ቤታችን አንዲት ዘማች ተማሪ ነበረች፤ በመጠለያው ፊደል የምታስተምር ናት፤ የጥቁር ሰሌዳ እግር ልታሠራኝ መጥታ ዝናቡ አግቷታል። ባለቤቴም ሳትቀር አራታችንም አጎነበስን። ቴርሞሜትሩ ወርዶ ወርዶ ዜሮው ላይ ቆመ። ንቅንቅ አላለም።

«ልክ ነው» አለ፤ ፊቱ ግን አልበራም። «ከታች ልክ የሆነ ዕቃ ከላይ ዘጠኝ እንዴት ይጎድለዋል?»

ተማሪዋ ወደ ሳህኑ እንዳጎነበሰች ጠየቀችው። «ጋሼ፣ ምጽዋ ከባሕሩ እኩል አይደለችም እንዴ?»

«ናታ።»

«እኛ ደግሞ ደጋ ላይ ነን። ከፍ ባሉ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ የሚጫነው ሲቀንስ ውሃ ከመቶ በታች ይፈላል። ተምረነዋል። እውነቱን ለመናገር ለፈተና ነበር የያዝኩት፤ በድስት ውስጥ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።»

ቴርሞሜትሩን ከሳህኑ አንሥቶ አገላብጦ አየው። የሥራ ዘመኑን በሙሉ በባሕር ደረጃ የኖረ ሰው ነው፤ ውሃ በሌላ ቁጥር ሲፈላ አይቶ አያውቅም። እኛ ደግሞ ዕድሜያችንን በሙሉ ውሃ አፍልተን ቁጥሩን አይተን አናውቅም። ሁለቱ የተገናኙት በዚያች ሳህን ላይ ነው።

«እውነት ከሆነ» አላት በመጨረሻ፣ «ወደ ታች ስንወርድ ቁጥሩ መውጣት አለበት። ወርደን እንየው።»

በመጽሐፍ ቃል ብቻ አላመነም፤ እርሷም እመኑኝ አላለችም። ይህንንም ወደድኩላቸው።

ኃላፊውን ለምስክርነት ለመንነው። ጉልበቱን እያማረረም ቢሆን መጣ። በማለዳ በአህያ ማገዶና ድስት ጭነን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወስደው መንገድ ወረድን። ባለቤቴም ሳትጠራ ተከተለችን፤ በመቀነቷ ጫፍ ቦሎቄ ቋጥራለች። ብርዱ ለቆን ጋቢያችንን ስናወልቅ የመጀመሪያውን ድስት ጣድን። ሲፈላ የባለቤቴ ወንድም ቴርሞሜትሩን አወረደና ፊቱን አዞረ።

«አንተ አንብበው» አለው ለኃላፊው።

ኃላፊው አጎነበሰ። «ዘጠና ሦስት።»

እንደገና ወረድን። ቁልቋሉ በዝቶ ላባችን ሲንጠባጠብ፣ ጥላ ፈልገን ሁለተኛ ጣድን። ኃላፊው እስኪያነበው ድረስ ማንም አልነካውም። ዓይኑን አሸት አደረገና አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ አየ።

«ዘጠና ስድስት ደርሷል።»

ባለቤቴ ቦሎቄዋን እዚያው ጨመረች። ፍሬው በመጠለያው ወጥ ቤት ከሚወስደው ጊዜ በጣም ቀድሞ ተፈረካከሰ። አንዱን አውጥታ በኃላፊው መዳፍ ላይ አስቀመጠችለት፤ እርሱም በጣቶቹ ጨመቀው።

«መመሪያውን የጻፈው ሰው የት ሆኖ ነው የጻፈው?» አለ ወደ ተማሪዋ ዞሮ።

«ባሕር አጠገብ ይሆናል።»

«እዚያው ሆኖ ይብላው!» አለች ባለቤቴ።

ኮሚቴው በተሰበሰበ ጊዜ ኃላፊው በአንደበቱ ተናገረ፤ ማገዶው ያለቀው ሌባ ስለወሰደው ሳይሆን ውሃችን በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላና ቦሎቄው ረዥም ጊዜ ስለሚፈልግ ነው አለ። ከዋዜማው እየተዘፈዘፈ፣ ፍሬው በጣት እስኪፈርጥ እንዲቀቀል ተወሰነ፤ ማገዶውም በዚያው ልክ ተጨመረ። ከዚያ በኋላ የልጆቹ ሆድ ቀስ በቀስ ተሻለው። ሁሉም ዳኑ ብዬ ግን አልዋሽም።

ባለቤቴ ቁልፉን ከመቀበሏ በፊት አንድ ነገር ጠየቀች። ወንድሟ ዕቃው ተበላሽቷል ባለበት ቦታ፣ በነዚያው ሴቶች ፊት፣ አልተበላሸም ብሎ እንዲናገር። መጣ፤ በርሜሉ አጠገብ ቆመ። «ቴርሞሜትሩ ልክ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለ። አላሳጠረውም፣ አላስረዘመውም።

ሴቶቹ ወደ ሥራቸው ተበተኑ። እርሷ ማገዶውን እየደረደረች ቆይታ፣ በእኔ በኩል ሳይሆን ራሷ፣ ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችው።

«ያን ቀን ዝም ብትል ምን ነበረበት?»

«ቁልፉን ያኔውኑ ታገኚ ነበር» አላት። «በሳምንቱ ግን አንዱ ፊዚክስ የሚያውቅ መጥቶ ውሃ የሚፈላው በመቶ ነው፤ ያልተፈተሸ የወንድሟ መለኪያ እንዴት ይታመናል ቢል፣ ምን ትመልሺ ነበር?»

 ከእንጨቱ ሥር ጭራሮ ሰገሰገች፤ የበርሜሉንም አቀማመጥ አስተካከለች። ከዚያ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋችለት።

«ክብሪቱን አቀብለኝ» አለችው።