የገሰሰ እንባ

ከመገናኛ እስከ ገርጂ ገሰሰ ሲያለቅስ ያላየ ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር። ቴሌቪዥን የሌለው እንኳ እሁድ ከሰዓት ድራማ ሲተላለፍ ጎረቤት ቤት ተጠግቶ አይቶታል።

ትያትር ቤት የገባው በወጣትነቱ ነው፤ ከፈረንሳይኛ በተተረጎመ ኮሜዲ ላይ ትሪ ይዞ የሚገባ አሽከር ሆኖ። አንድ ሰሞን የሌላ ትያትር ዋና ተዋናይ ታመመና ገሰሰ ተተካ። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ተጫወተ፤ አዳራሹን በእንባ አራጨው። ከዚያ ወዲያ የሚያስቅ ሚና የሰጠው አዘጋጅ የለም። ፈረንሳዮች ፊልም ሊሠሩ በመጡ ጊዜም የፈለጉት እንባውን ነበር፤ በፊልሙ ውስጥ አንድ ቃል እንኳ አላናገሩትም።

እናቱ እማማ ሙሉአለም ሥራውን አልወደዱለትም።

«እኔ በቁሜ ሳለሁ እናቴ ሞተች እያልክ ታለቅሳለህ? ሟርት አይደለም እንዴ?» ይሉት ነበር።

«እንጀራዬ ነው እማዬ፣ ምን ላድርግ?»

አንድም ቀን ሲሠራ ሳያዩት፣ በ1987 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ አረፉ።

ገርጂ ግቢያቸው ውስጥ የእድሩ ድንኳን ተተከለ። ገሰሰ አንድ ልጃቸው ነውና ደረቱን እየደቃ አለቀሰ። ያን ጊዜ ከበስተኋላ አንዱ ለቀስተኛ ጓደኛውን ጎነጥ አድርጎ፣ «አቤት ሲያምርበት፤ ልክ እንደ እሁዱ ድራማ» አለ። ክፋት አስቦ አልነበረም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ገሰሰ ግን ሰማ፤ እንባውም እዚያው ደረቀ።

ከዚያማ ሰው ምን ይሳነዋል! ዝም ሲል ደግሞ ሌላ ወሬ መጣ። «ለደሞዝ ሲሆን ይጎርፍለታል፤ ለወለደችው እናቱ ግን ጠብ አላለለትም» ተባለ። ቢያለቅስ ትያትር፣ ባያለቅስ ጨካኝ። ለሰው አፍ ብሎ ቢተወው ይተወው ነበር፤ ያን ስንት ሺህ ሰው ፊት ያለ ምንም ሐዘን ያፈሰሰውን እንባ ለእናቱ ሳይከፍል መቅረቱ ግን እሱን አልተወውም። እህል አልወርድ አለው። ተጎሳቆለ ብል አላጋነንኩም፤ ያን ሰሞን ያየው ሁሉ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር ይላል።

በሠልስቱ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሳለ የእናቱ የማኅበር ጓደኛ እማማ አሰገደች መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። አላጽናኑትም፣ አልመከሩትም። ሁኔታውን ጥቂት አዩና ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውልቀው ከራሱ እስከ ጉልበቱ አከናነቡት።

«በል ልጄ፣ አሁን ማንም አያይህም» አሉት በጆሮው።

መጀመሪያ ትከሻው ብቻ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ከጋቢው ሥር ሻካራ፣ የተቆራረጠ፣ ሳል የሚመስል ድምፅ ወጣ፤ መድረክ ላይ ቢሆን አዘጋጁ «አስተካክለው» የሚለው ዓይነት። አላማረም። ለቀስተኛው ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ እማማ አሰገደችም የጋቢውን ጫፍ እንደያዙ አብረውት አለቀሱ።