ያወቀ ያላወቀውን ይኮርኩም

በ1960 ዓ.ም. የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አቃቂ፣ አራተኛ ክፍል። ታላቅ ወንድሜ ተፈራም አራተኛ ነበር፣ ያውም በአሥራ ስድስት ዓመቱ። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ጥሎ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥጥ ሲሸከም ከርሞ ነው የተመለሰው። አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው። ኮቱ የማሽን ዘይት ይሸታል፤ ለእኔ ያ የአባት ሽታ ነው።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን አንድ ሕግ ነበራቸው፦ ያወቀ ያላወቀውን ይኮርኩም። ወዳጅ የለ፣ ዘመድ የለ። ለስለስ አድርገህ ከነካህ፣ “መታኸው ወይስ ዳበስከው?” ይሉና ለአንተው ያቀምሱሃል።

አንድ ቀን የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ስለ ትልልቅ ፊደል አስተማሩን። ኢትዮጵያዊ፣ ጣሊያናዊ፣ ግሪካዊ ሲባል በትልቁ ይጀመራል፤ የቋንቋም ስም እንደዚያው። ሂሳብና ታሪክ ግን የትምህርት ስም ናቸውና በትንሹ። ከዚያ ተፈራን አስነሥተው “ታሪክ” የሚለውን በእንግሊዝኛ አስጻፉት። በትልቁ ጀመረው።

“ለምን?” አሉት።

“ታሪክ ትልቅ ነገር መስሎኝ፣ ጋሼ።”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ተጠራሁ፤ ሞኙ፣ ሮጬ ወጥቼ በትንሹ አስተካከልኩት።

“ጎበዝ! በል አቅምሰው።”

ያኔ ነው የሠራሁት የገባኝ። ተፈራ እንድደርስበት አንገቱን ደፋልኝ። እጄን እንደጨበጥኩ ቀረሁ። ደወል ተደወለ። አስተማሪው “ነገ ጠዋት ከዚሁ እንጀምራለን” ብለው ወጡ።

በሐዲዱ ላይ ወደ ቤት ስንሄድ ልጆቹ ከኋላችን፣ “ተፌ፣ ለነገ ቆብ ይዘህ ና!” ይላሉ። ሰፈር ስንደርስ ተፈራ፣ “ምታኝ አንተ፣ አልቀየምህም። ካልመታኸኝ አንተን ነው የሚገርፉህ” አለኝ።

“አልመታም።”

“ግትር!”

እናታችን ታላቅ ወንድም የአባት ምትክ ነው ትለን ነበር። በጠዋት ተነሥቶ አባቱን የሚኮረኩም ማን አለ?

ሰሞኑን ቱሉ ዲምቱ ልጄ ቤት የልጅ ልጄን የቤት ሥራ አየሁና፣ ይኸንኑ “ታሪክ” የሚለውን ቃል በትልቁ ጀምሪው አልኳት። “አባባ ተሳስተሃል፣ የትምህርት ስም እኮ ነው” ብላ ሳቀችብኝ። ብትሳሳት በቀይ እስክሪብቶ ይከበብባታል፣ አለቀ፤ ጭንቅላቷን የሚነካ የለም። ተመስገን ነው። ትምህርቴ ብዙም አልገፋ፣ ተፈራም አፈር ከለበሰ ቆየ። ሕጉን ግን አውቀዋለሁ። ያኔም አውቀው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሰሌዳው ተጠርጎ ነበር። አስተማሪው፣ “የትናንቱን ድገመውና አቅምሰው” አሉኝ። ጠመኔውን ተቀበልኩ። ተፈራን ሳላየው፣ የመጀመሪያዋን ፊደል ክንዴ እስከደረሰ ድረስ ትልቅ አድርጌ ጻፍኳትና ሄጄ አጠገቡ አንገቴን ደፋሁ።