ለሁለት ሰው የማይሰጥ ጠረጴዛ

ያኔ በአብዮቱ ዘመን አዋሳ ሐይቅ ዳር አንድ ምግብ ቤት ነበረ፤ ሁለት ሆነህ ከሄድክ ሐይቁን አታይም። ውኃው ዳር ያሉት ጠረጴዛዎች ለአራት ሰውና ከዚያ በላይ ናቸው ይሉሃል። «ጓዶች በቡድን ከመጡ የት ይቀመጣሉ?» ነው መልሳቸው። ስለዚህ ያልመጣ ጓድ ወንበር ይዞ ይውላል፣ የመጣነው እኛ ኩሽና በር ሥር እንወሸቃለን። እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል።

የዚያን ቀን ግን ከንዴትም በላይ ነበር። ባለቤቴ በማግስቱ ወደ ሰሜን ግንባር ይዘምታል። እኔ ደግሞ አርግዣለሁ፤ እሱ አያውቅም። ቤታችን ሊሰናበት በመጣ ዘመድ ተሞልቶ ስለነበር፣ ሐይቁ ዳር ብቻችንን ቁጭ ብለን እነግረዋለሁ ብዬ ነው እየጎተትኩ የወሰድኩት።

አስተናጋጁ እንደ ልማዱ ኩሽናው በር ሥር አስቀመጠን። በሩ በተከፈተ ቁጥር ወንበሬን ይገጨዋል፣ የዘይቱ ጢስ ዓይኔን ያቃጥለኛል። ውጪ ያሉት ጠረጴዛዎች ባዶ ናቸው። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ወይ ፍንክች። አጠገባችን ከቡሹሎ የመጡ አንድ ሽማግሌና ሚስታቸው እንደኛው ተወሽቀዋል። ባለቤቴ አያቸውና አብረን እንብላ ብሎ ጋበዛቸው። አራት ሆንን። አስተናጋጁ ፊቱን አጨፍግጎ ሐይቁ ዳር ወሰደን።

እኔ ግን ወዲያው ቆጨኝ። ሐይቁን አገኘሁ፣ ባሌን አጣሁት። በማላውቀው ሰው፣ ያውም በሽማግሌ ፊት፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይወራል? ዓሣው መጣ፤ ባለቤቴ ሽማግሌውን አጎረሳቸው፣ እሳቸው እኔን አጎረሱኝ፤ ጨዋታው ስለ በቆሎና ስለ ዝናብ ሆነ።

ተበልቶ ሲያበቃ ሽማግሌው ሳልመርቅ አልነሳም አሉ። እጃቸውን ዘርግተው፣ ሲዳምኛ በተቀላቀለበት አማርኛ፣ ባለቤቴ በሰላም እንዲመለስ ለመኑለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ልጅ ይስጣችሁ» አሉ።

አሜን ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም።

«ሰጥቶናል፣ አባባ» አልኩ።

ባለቤቴ ትክ ብሎ አየኝ። ሽማግሌው የዘረጉትን እጅ ሳያጥፉ፣ «እንግዲያው ያሳድግላችሁ» አሉ። ፈጣሪን ሲጠራ ሰምቼው የማላውቀው ባሌ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ «አሜን» አለ።

እጄን ይዞ ወደ ቤት ሲወስደኝ ሊፈልጉን የወጡ ዘመዶች ገና መንገድ ሳንጀምር አገኙን። ዘመዶቹ ሲጫወቱ አመሹ፤ ለብቻችን የምናወራበት ፋታ ሳናገኝ ሄደ። አልተመለሰም። ልጄ ከፍ ካለች በኋላ፣ «አባቴ ስለ እኔ ሲሰማ ምን አለ?» እያለች ትጠይቀኝ ጀመር።

«ያሳድግላችሁ ሲባል አሜን ብሏል» እላታለሁ።